ቅርንፉዱ የተጠቀለለበት ወረቀት

ባራኦና፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2003
ቅዳሜ፣ የትንሣኤ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለዮካስታ፣

እንዴት ነሽ? ባርሴሎና ላይ ብርዱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ላይ ትደራርቢያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ባልሆን ኖሮ ደብዳቤው አጭር ይሆን ነበር፤ ይሄ ግን ረጅም ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ የስልክ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የእኔን ወሬ ከእኔ እኩል ያዳምጣል፤ አንዳንዱ እንዲያውም መልስ ይሰጣል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። ጨው ቀንሻለሁ ወይ? የደም ግፊት ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ ወይ? ያንን ወርቃማ ካርቶን ከመደርደሪያው አውርጃለሁ ወይ? ለመጀመሪያው መልሴ አዎ ነው። ለሁለተኛውም አዎ ነው። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አንቺ ነርሷ ድረሺበት። የሦስተኛው ግን ታሪክ አለው። ውሃ ቅጂና ተቀመጪ።

አውሮፓ አስረስቶሽ ከሆነ፣ በእኛ ሱቅ ሙሉ ነገር የሚገዛ ሰው የለም። አንድ ራስ ሳይሆን አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ሲጋራ፣ አንድ አስፕሪን። ኮንዶምም እንደዚያው በፍሬ ነው። ፓኮውን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ሰዉ ፍሬውን ይዞ ይሄዳል፤ ፓኮውና በውስጡ ያለው የመመሪያ ወረቀት እኔው ጋ ይቀራል። ይቺን ነገር ያዣት፣ ኋላ ትመጣለች።

ስሙን የሚጠራም የለም። ሰውየው ይመጣል፣ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ጣሪያውን ያያል። እኔም ምንም ሳልል እሰጠዋለሁ። ዲያቆኑ ጣሪያውን ያያል፣ የመቶ አለቃው ጣሪያውን ያያል፣ የልብስ ሰፊዋ ባል ጣሪያውን ሲያይ ባርኔጣው ከኋላው ይወድቃል። እዚያ ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ ከእኔ ይልቅ መንደርተኛው ያውቀዋል። ትንሽ ልጅ ሆነሽ «አጎቴ፣ ሰዎቹ ምንድን ነው የሚያዩት?» ስትዪኝ «እንሽላሊት» ብዬሽ፣ አንድ ክረምት ሙሉ አንገትሽን ቀና አድርገሽ እንሽላሊት ስትፈልጊ ከረምሽ። ይቅር በይኝ።

ወርቃማው ካርቶን የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አከፋፋዩ «ይሄ እንደ ተራው አይደለም፤ የላዩ ቅባት የወንድ ዘር የሚገድል መድኃኒት አለበት» አለኝ። ይሄን ብቻ ነው ያለኝ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሰጡኝ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። ዘር ከገደለ ጀርም እንዴት ያቅተዋል? ጀርም ከገደለ ያንን ትልቁን በሽታስ ለምን አይገድልም? ብዬ ለራሴ ጠየቅሁ፣ ለራሴ መለስኩ፣ በሳምንቱ «ባለ ሁለት ቁልፍ» የሚል ስም አወጣሁለት። ሰው ጣሪያውን ሲያይ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለ አንድ ቁልፉን ወይስ ባለ ሁለት ቁልፉን?» እለዋለሁ። አንድ ቁልፍ ይበቃኛል የሚል ማን ነው?

አንዳንዱ ተመልሶ «ዶን ካዮ፣ ይሄ ነገር ያቃጥላል» ይለኛል። «አዮዲንስ አያቃጥልም? ሜንቶልስ አያቃጥልም? ካቃጠለ እየሠራ ነው!» እለዋለሁ። እኛ አገር የማያቃጥል መድኃኒት ማን ያምናል? ጉንፋን ሲይዘን ደረታችን ታሽቶ እንባችን ካልወረደ ድነናል አንልም። ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ፣ እየተቃጠለ፣ እየተማመነ ይሄዳል።

በገና ደብዳቤዬ ይሄን ሁሉ በኩራት ጻፍኩልሽ። አንቺ ደግሞ በአንድ ገጽ ሁለቱንም ቁልፎቼን ሰበርሽ። ያ ኖኖክሲኖል-9 የሚሉት ነገር በመሠረቱ ሳሙና ነው አልሽ። የዘሩን ሽፋን እንደሚያሟሟ ሁሉ የሰውንም ስስ ቆዳ ይልጣል፤ አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ይቆስላል፤ ኤች አይ ቪን አይገድልም፣ ይባስ ብሎ በቁስሉ በኩል መግቢያ ይከፍትለታል፤ የሴቶችን የሽንት ቧንቧ ያሳምማል። እርግዝና በመከላከልም ቢሆን ከተራው ኮንዶም እንደሚበልጥ ማስረጃ የለም አልሽ። «ሌላ ከጠፋ እሱም ካለምንም ይሻላል፤ ተራው ካለ ግን ተራውን» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስምረሽባታል። እጅሽን ልሳመው፤ ደብዳቤሽ ግን ቤት ከተቃጠለ በኋላ እንደሚደርስ ውሃ ሆነብኝ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገርሽ። ስሙን አልጠራም። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው፤ ጢሜን ስላጭ በመስተዋቱ ውስጥ የማየው ሰው ነው።

ይህ ሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ የዶኛ ኦኔይዳ ወዳጅ ነው። አዎ፣ እሳቸው ራሳቸው። አራተኛ ክፍል ያስተማሩሽ፣ ባለ ቀይ እርሳሷ። ተቀመጪ ብዬሽ የለም? ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዓመታት ብቻቸውን ነበሩ። አውሎ ነፋሱ ቆርቆሯቸውን ሲነቅለው ሰውየው ሊመታላቸው ሄደ፤ አንዱን ቆርቆሮ መትቶ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ ዶኛ ኦኔይዳ ቡና አቀረቡና ሕግ አወጡ።

«ካዮ፣ ያለፈው ሕይወትህ እንደ ሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ማን እንደተሳፈረ ማን እንደወረደ አላውቅም። ያለ ኮንዶም የለም።»

(ስሙን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልጠራሁም።)

ሰውየውም ደረቱን ነፍቶ ባለ ሁለት ቁልፉን ይዞ መጣ። እስቲ አስቢው፦ በስልሳ ዓመቱ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ለሆናቸው ጡረተኛ መምህርት፣ እርግዝና የሚከላከል መድኃኒት! የሰውየው ዘር እንደሆነ ከሰውየው በፊት ጡረታ ወጥቷል። ግን ምርጡን ለሚወዱት ሰው ነው የሚሰጡት፤ በሱቁ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረውም።

ከገና በፊት ዶኛ ኦኔይዳን ያቃጥላቸው ጀመር። በጃንዋሪ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሆነ፤ መድኃኒት ወስደው ዳኑ። በፌብሩዋሪ እንደገና ያዛቸው። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ወዳጅ አለዎት? ወዲያ ወዲህ ይላል እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሐኪሙ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ እሳቸው ግን መልስ አድርገው ይዘውት ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዤ ብሄድ በሩ አልተከፈተም። ያናገሩኝ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ነው።

«ማን ናት?» አሉ።

«ማን ማን ናት?»

«እሱን የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

«ኦኔይዳ፣ በእናቴ አጥንት እምልልሻለሁ...»

«እናትህን ተዋት፤ በሕይወቷ የቻለችህ ይበቃታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። የቤት ሥራዬን ወንዝ ወሰደብኝ የሚል ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።»

«የእኔ ፊት ምን ይመስላል?»

«ልክ እንደዚያ።»

መስኮቱ ተዘጋ። ዳቦው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሰውየው ሰውየው ማለትም እዚህ ላይ ደከመኝ፤ እኔ ነኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ እኔንም ያቃጥለኝ ነበር። ዝም ያልኩት ያው ካቃጠለ ይሠራል ብዬ ነው። የራሴን ስብከት የሰማሁት እኔው ብቻ ብሆን ምን ነበረበት!

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነጭ ሽንኩርታቸውን ከማዶ ሱቅ መግዛት ጀመሩ። መንገዱን አቋርጠው፣ ጃንጥላቸውን በእኔ በኩል አዘንብለው ያልፋሉ። እኔም ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ መክፈት ጀመርኩ። ኩንዶ፣ ያ ዶሚኖ ሲጫወት የሚያጭበረብረው፣ «ምነው ካዮ፣ ጆሮህ ደከመ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እናትሽን የቀበርን ጊዜ የማሳድገው ልጅ ነበረኝ። አንቺን የሸኘሁ ጊዜ የምመታው ቆርቆሮ ነበረኝ። አሁን ግን ምንም አልነበረኝም፤ ለዚያ ነው ሬዲዮው።

እንግዲህ በማርች አጋማሽ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ።

«ኦኔይዳ! ሴት የለችም! ቅባቱ ነው! ይኸው፣ ዮካስታ ጽፋልኛለች፤ ነርስ ናት፣ አንቺው ያስተማርሻት!»

በፍርግርጉ ውስጥ ፖስታውን አዩት እንጂ አልነኩትም።

«አንተው ያሳደግካት» አሉ። «ለአጎቷ የማትመሰክር የእህት ልጅ እስካሁን አላየሁም። የማያዝንልህ ሰው የጻፈው ነገር ካለ አምጣ። ጫማህንም ፈልግ።»

የማያዝንልኝ ሰው! ከፋብሪካ የበለጠ የማያዝንልኝ ማን አለ? የመመሪያ ወረቀቱ ትዝ አለኝ። በአንድ ጫማ ሮጬ ተመለስኩና ወረቀት የማስቀምጥበትን መሳቢያ ከፈትኩ። ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ስትጠቀልዪ ነው ያደግሽው። ስስ ነው፣ ግን አይቀደድም፤ ልኩ መዳፍ የሚያህል ነው፤ ለአምስት ፍሬ ቅርንፉድ ወይም ለአንድ ማንኪያ ከሙን ከእሱ የተሻለ መጠቅለያ እግዚአብሔርም አልፈጠረም። ያልተከፈተ አንድ ካርቶን ቀርቶኝ ነበር። ከፍቼ አንዱን ወረቀት አወጣሁና በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከታች፣ በጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል፣ አንቺ ያልሽው ሁሉ ተጽፏል። አዘውትሮ መጠቀም ያቆስላል። ከኤች አይ ቪ አይከላከልም። የሚያቃጥል ከሆነ ያቁሙ።

አከፋፋዩን ብጠይቀው ማስጠንቀቂያው ከገባበት ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓመት ሙሉ፣ ዮካስታ! መንደርተኛው ማስጠንቀቂያውን ከእጄ እየተቀበለ ወደ ቤቱ ሲወስድ ነበር፤ ከሙኑ ወደ ድስቱ፣ ማስጠንቀቂያው ወደ እሳቱ።

ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ሱጌይ ትዝ አለችኝ።

ሱጌይን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። መርከበኞች የሚያዘወትሩት፣ ወደቡ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ነው የምትሠራው። ጣሪያዬን የማታይ ብቸኛ ደንበኛዬ እሷ ናት። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ፊት ለፊቴ ትቆምና ሰው በሞላበት «ሠላሳ ኮንዶም» ትላለች። እንቁላል የምትገዛ ነው የሚመስለው። ሌላው ሰው በወር ሁለት ሦስት ነው የሚወስደው፤ እሷና ሁለት ጓደኞቿ ግን በየሳምንቱ ሠላሳ፣ ሁልጊዜም ባለ ሁለት ቁልፉን። ማን እንደመከራት አትጠይቂኝ።

በእኩለ ቀን ሄድኩ። ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«ዶን ካዮ! መንገድ ጠፋህ ወይስ መምህርቷ ለእኛ ለቀቀችህ?»

«ሱጌይ፣ ስለዚያ ባለ ሁለት ቁልፉ...»

«ያቃጥላል ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«አንተስ ምን አልከኝ?»

«ካቃጠለ ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ መጣህ?»

«እንደማይሠራ።»

እጇ ፀጉሯ ላይ ቆመ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳልቀባባ፣ ሳላስቅ። እንደዚያ ስናገር ሰምተሽኝ አታውቂም፤ እኔም ራሴን ሰምቼ አላውቅም። ስጨርስ መሬት መሬት እያየች «በጣም ሲያቃጥለን አንዳንድ ቀን ያለ ኮንዶም እንሠራለን» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሱጌይ፣ ያንን አታድርጉ። ጎማው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሳሙናውና የእኔ ምላስ ነው። ተራው አያቃጥልም፤ የሚጠብቅሽም እሱ ነው።» ይዤው የሄድኩትን የተራውን ሙሉ ካርቶን ሰጠኋት፤ የቀራትን ወርቃማ ተቀበልኳት። ከጓደኞቿ ጋር ደም እንድትመረመርም ለመንኳት። ሄዱ። ውጤቱ በሰባተኛው ቀን ነው ተባለ። እነዚያን ሰባት ቀናት ዶሚኖ አልተጫወትኩም።

በሰባተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሱጌይ ቀድማ ወጣች። ወረቀቷን አጠፈችና ጭንቅላቴን መታችኝ።

«ሦስታችንም ንጹሕ ነን! ምላስህን ግን አንተ አስመርምረው!»

እንደዚያ የጣመኝ ጥፊ የለም። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና «የመምህርቷ ነገርስ?» አለችኝ። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ብሄድም አንተው ነህ ያሳተምከው ብለው እንደማይቀበሉኝ ነገርኳት።

«ስትሰጣት እኮ ነው የማትቀበልህ» አለች። «ሴት ልጅ የምታምነው ራሷ ያገኘችውን ነው። ደግሞ ስማ፤ እኔ ልመርቅህ፦ ጣሪያህን ሳታይ ኮንዶም የጠየቀችህን ሴት አግባ።»

«እስካሁን አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ እወደድብሃለሁ» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ራሷ ያገኘችውን! ይቺን ቃል ሳላምጥ ሕማማት ደረሰ። በሕማማት የቦሎቄ ጣፋጭ የማትሠራ ሴት፣ ቅርንፉድና ገውዝ የማትገዛ ሴት በዚህ መንገድ ላይ አለች? የለችም። ግን ዶኛ ኦኔይዳ የሚገዙት ከማዶ ነው። ደግነቱ ሰኞ ጠዋት ማዶ ሱቅ ቅርንፉድም ቀረፋም ገውዝም ዘቢብም አለቀበት። እንዴት አለቀበት? ኩንዶን ልኬ ሁሉንም ስላስገዛሁት ነው። ይሄን የምናዘዘው ለአንቺና ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩትም።

ረቡዕ ዕለት ኩንዶ በቀይ እርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ይዞ መጣ። እምቢ እንዳይል አፍሮ፣ ማን እንደላከው ላለመናገር ምሎ።

«ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ዘቢብ» አለ። «ለእኔ ነው።»

«ጽሕፈትህ አምሮበታል።»

እያንዳንዱን በአንድ አንድ የመመሪያ ወረቀት ጠቀለልኩ፣ ማስጠንቀቂያው ወደ ውስጥ ሆኖ። ትንሽ ጨው ጨምሬ አምስተኛውንም ጠቀለልኩ።

«ጨው አላዘዘችም» አለ ኩንዶ።

«ማን ናት ያላዘዘችው?»

አፉን ዘግቶ ሄደ።

ሐሙስ ምንም የለም። ዓርብ፣ ስቅለት፣ እንደ ደንባችን ቤቱ ሁሉ ለቤቱ ሁሉ የቦሎቄ ጣፋጭ ይልካል። እስከ ቀትር አሥራ አንድ ሳህን ደረሰኝ፦ ኮኮናት የበዛበት፣ ስኳር ድንች ያልበሰለበት፣ ብስኩቱ የሟሟ። የዶኛ ኦኔይዳ ሰማያዊ ሳህን ግን የለበትም። ኩንዶ የሰማያዊውን ሳህን ጣፋጭ እየላሰ በራፌ ላይ ቆመ።

«ያንተ አልመጣም?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ቤቷ እኮ ሃያ እርምጃ ነው።»

«ቀስ እያለ ነው።»

ከአሥራ አንዱ አንዱንም አልቀመስኩም። እንግዲህ ዶኛ ኦኔይዳ አንብበው ናቀውኛል፣ ወይም ሳያነቡ እሳት ውስጥ ጥለውታል፤ ሁለቱም ያው ነው ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት አራቱ ዶሚኖ ተጫዋቾች ጥላው ሥር ተቀምጠው ሳለ ጃንጥላዋ መንገዱን አቋርጣ ስትመጣ አየን። ወደ ማዶ ሳይሆን ወደ እኛ። ከአራቱ ሦስቱ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ ቢራቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው ተነሡ። የአርባ ዓመት ጎረምሶች!

ዶኛ ኦኔይዳ ገቡ። ከቦርሳቸው አምስት ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩ። በካውያ ተተኩሰዋል። በቀይ እርሳስ ተሰምሮባቸዋል።

«ዶን ካዮ» አሉ። በሰው ፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። «ቅርንፉዱ ውስጥ ያለውን አነበብኩ። ቀረፋው ውስጥም ያው ነው። ገውዙም፣ ዘቢቡም ያው። ጨው ግን አላዘዝኩም።»

«ለክለሳ ነው።»

ኩንዶ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

«ይህ ወረቀት እዚህ ሱቅ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

ዮካስታ፣ መዋሸት እችል ነበር። ትናንት ነው የመጣው ብል ማንም አያውቅብኝም። ፊቴ ግን እየታየ ነበር፤ እንዴት እንደሚያነቡት ደግሞ አውቃለሁ።

«ከአንድ ዓመት በላይ» አልኩ። «ነጭ ሽንኩርት ስጠቀልልበት ነበር።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው።»

«ሁሉን አንባቢው ሰውዬ!»

«ሁሉን ተናጋሪ ነኝ» አልኩ፤ «ማንበቡ ሌላ ነው።»

እሳቸውም ቀስ ብለው «ካንተ ከራቅኩ ወዲህ አላመመኝም» አሉ። «ለዚህ ነው ጥፋቱ ያንተ መሆኑን እርግጠኛ የሆንኩት። ያንተው ነበር፤ ግን እኔ የመሰለኝ ጥፋት አይደለም።» ድምፃቸውን አጠነከሩ። «ካርቶን አምጣ። ጻፍ።»

ወርቃማውን ካርቶን ገነጠልኩና በባዶው ጀርባው ላይ ጻፍኩ። እሳቸው አነበነቡ፣ እኔ ጻፍኩ፣ እሳቸው አረሙ፣ እኔ እንደገና ጻፍኩ። አሁን ከሩዙ ጆንያ በላይ ተሰቅሏል፦ «ወርቃማው ከዚህ ሱቅ ወጥቷል። ቅባቱ ያቆስላል እንጂ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ጎማው ነው። ተራውን ይጠቀሙ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ካዮ።» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሳያነበንቡልኝ ነው የጻፍኳት፤ እሷ ላይ ብቻ ቀይ አላሰመሩም።

ኩንዶ አንገቱን አስግጎ «እንግዲህ መርዝ ከሆነ ያለምንም አይሻልም?» አለ።

ዶኛ ኦኔይዳ ዞሩ። «ኩንዶ፣ በአራተኛ ክፍልም እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ነበር እጅህን የምታወጣው። ጎማው ምን አለ? ድገም!»

«ይጠብቃል፣ መምህር።»

«ቅባቱስ?»

«ያቆስላል፣ መምህር።»

«ተቀመጥ። ማዶ ሱቅ ገውዝ እንዴት እንዳለቀ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።»

ኩንዶ ተቀመጠ። እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ፤ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዶኛ ኦኔይዳ ግን ትንሿን ቦርሳቸውን ከፈቱና ሳንቲም አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አገሩ ሁሉ ይሄን ያውቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቃል። ኩንዶ እንኳ ለአጋርነት ያህል ቀድሞ ጣሪያውን አየ።

እሳቸው አላዩም። ዓይኔን አዩኝ።

«ካዮ» አሉ፤ ዶን የለም፣ የክፍላቸውን የመጨረሻ ወንበር በሚደርስ ድምፅ፤ «ከተራው ኮንዶም ሦስት ስጠኝ።»

የኩንዶ ድርብ ስድስት ዶሚኖ አየር ላይ ቀረች። ሬዲዮው ዘፈኑን ጨርሶ ዝም አለ። ማዶ ሱቅ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ወደ እኛ ዞረ።

«ሦስት?» አልኩ።

«ጾሙ ነገ ያበቃል» አሉ።

ከዚያ ከትልቁ ቦርሳቸው በጨርቅ የተሸፈነውን ሰማያዊ ሳህን አውጥተው ወደ እኔ ገፉት። «ቦሎቄ ካደረ ይጥማል። ለዚያ ነው ትናንት ያልላክሁት።» ይሄ ውሸት ነው፤ እሳቸውም ውሸት ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ተማሪዎቻቸው መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ጨርቁን ገለጥኩት። ሁለት ማንኪያ ነበረው።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ጣሪያውን አየሁ። ሰላሳ ዓመት ሰው ሲያየው አይቼ እኔ አይቼው የማላውቀውን ጣሪያ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ብዙ ጊዜ አየሁት። ኩንዶ «ምን ታያለህ?» ሲለኝ «እንሽላሊት» አልኩት።

በይ ልጄ፣ ወሬዬ ይሄ ነው። ለዲሴምበር የአውሮፕላን ትኬትሽን ስትቆርጪ ሻንጣሽ ውስጥ አንድ ደህና ቀሚስ ይኑር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ሱጌይንም አትጠይቂያት። በሄድሽበት ሁሉ በር ይከፈትልሽ። የሚያሳምሙሽ ሳይሆን የምታድኛቸው ይብዙልሽ። እናትሽ ከላይ ትጠብቅሽ፣ እኔ ከታች እጠብቅሻለሁ። ነገ ደወሉ ሲደወል ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ጆሮሽ ከሞቀ እኔ ነኝ።

አጎትሽ፣ ባለ አንድ ቁልፉ
ካዮ

ተጨማሪ፦ ይህንን ደብዳቤ ዶኛ ኦኔይዳ አላነበቡትም፤ እንዲያነቡትም አልፈቅድም። ዳር ዳሩን በቀይ እርሳስ ተሰምሮበት ካገኘሽው ግን፣ ማን ቤት ተቀምጬ እንደጨረስኩት ይገባሻል።